ጥርስ የሌላት ምስክር

ሰው ነገርን ሁሉ በየፈርጁ ካልለየ የበላው አይስማማውም። የጾሙን ከፍስኩ፣ የክቱን ከአዘቦቱ፣ ዘመዱን ከባዳው ለይቶ ካላስቀመጠ ውሎው ውሎ አይመስለውም። አዲስ ሰው ስንተዋወቅ ገና ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?» ብለን የምናፋጥጠው ሰውየውን ልናውቀው ስለጓጓን እንዳይመስላችሁ። የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደምናስቀምጠው ቸግሮን ነው። እናንተም ታደርጉታላችሁ። አናደርግም እንዳትሉኝ፤ አሁን እንኳ ይህን እያነበባችሁ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» እያላችሁ ነው።

እንዳትቸገሩ ልንገራችሁ። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የተወለድኩት ከሐረር ግንብ ውጭ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ቅድመ አያቶቹ ከሸዋ መጥተው እዚሁ ከቀሩ የክርስቲያን ቤተሰብ ነው። ጡረታ ስወጣ ግን ግንቡን ተሻግሬ ጀጎል ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ስለዚህ ለውስጥ ሰዎች የውጭ ሰው ነኝ፤ ለውጭ ዘመዶቼ ደግሞ «እሱማ የጀጎል ሰው ሆኗል» የምባል ነኝ። በየብስም በውሃም የሚኖር ፍጡር ማለት እንዲህ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ምሳሌ በጊዜው አግኝተውት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልወደቁ ነበር።

ያከራዩኝ አይ ኑሪያ ይባላሉ። «አይ» በሐረሪ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ የስንደዶ ስፌት ሰፍተው ነው ልጅ ያሳደጉት። የሳሎናቸው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው፤ የትኛው ለምን እንደሚሆን፣ የትኛው ለየትኛው ቀን እንደሚወርድ ለመለየት ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል። የሐረሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች እንዳሉት ታውቃላችሁ። ካፌ ይመስል ማንም ዘው ብሎ ያገኘው ላይ አይቀመጥም። የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት አለ፤ የተማረና የተከበረ ሰው የሚቀመጥበት አለ፤ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ዝቅ ያለች፣ ደርሶ ለሚመለስ ሰው የምትሆን አለች። እኔን አይ ኑሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው «ቲቸር፣ ወደ ላይ» ብለው ከፍ ያለው መደብ ላይ፣ ትራስ አስደግፈው አስቀመጡኝ። ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

ጣጣው የመጣው እኔ ከምደገፍበት ግድግዳ ነው። ግድግዳው ማላብ ጀመረ። መጀመሪያ ኖራው አበጠ፤ ከዚያ ተላጠ፤ ከዚያም በበጋው አጋማሽ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ ታችኛው ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ነገር በቀለበት። ስፌቶቹ እንዳይሻግቱ ወርደው ጥግ ላይ ተቆለሉ። ይህ ሁሉ የሆነው የአይ ኑሪያ ልጅ ሂክማ ልትዳር ሦስት ሳምንት ሲቀራት ነው። ሂክማ ዘጠነኛ ክፍል እያለች ተማሪዬ ነበረች፤ ጎበዝ ከመሆኗ የተነሣ ጥያቄ ስትጠይቅ ደወሉ ቶሎ እንዲደወል እጸልይ ነበር።

ግድግዳው የጋራ ነው። ከማዶ ያሉት ሐጂ ረመዳን ናቸው፤ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ልብስ ይሰፋሉ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ጎንበስ ተብሎ የሚታለፍባት አንዲት ትንሽ በር አለች። ያቺ በር ተቆልፋ አትታወቅም ይላሉ። ጨው ሲያልቅ በእሷ ነው፤ ልጅ ሲታመም በእሷ ነው፤ ሠርግ ሲሆን ደግሞ እንግዳው በአንዱ ቤት ይቀመጣል፣ ድስቱ በሌላው ግቢ ይጣዳል። አፎቻ የሚባለው፣ ለደስታም ለሐዘንም የሚረዳዳው የሴቶቹ ማኅበር፣ ሥራውን የሚያጣድፈው በዚያች በር እየተመላለሰ ነው። የአይ ኑሪያ ግቢ አንድ ፍየል አዙሮ አያሳርድም። ያለ ሐጂ ግቢ እዚያ ቤት ሠርግ የለም።

ሐጂ ግን ግድግዳው ማላብ በጀመረበት ሰሞን አዲስ ሮቶ፣ ያን ጥቁሩን የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ገዝተው ልክ ግድግዳው ሥር ተክለውት ነበር። የሐረርን የውሃ ነገር መቼም ሰምታችኋል። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ የሚመጣበትን ሰዓት ግን ለማንም አይናገርም። ስለዚህ ሁላችንም እንደ አቅማችን ጀሪካን፣ በርሜል፣ ሮቶ ደርድረን፣ ቧንቧችንን ከፍተን እንጠብቃለን። እዚህ ቧንቧ የሚዘጋ ሰው የለም፤ የሚዘጋው ውሃው ነው።

አይ ኑሪያ አንድ ቀን በትንሿ በር አንገታቸውን አስግገው «ረመዳን፣ ውሃህን ሰብስብ፤ ቤቴን አፈረስከው» አሉ። ሐጂ «ሮቶዬ አዲስ ነው፤ ጠብ ያለው ነገር የለም። ያረጀው ግድግዳሽ ነው» አሉ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል። አንዱ ቃል ሌላውን እየጠራ ሄዶ ሄዶ «ያረጀው» የተባለው ግድግዳው ብቻ እንዳልሆነ አይ ኑሪያ ገባቸው። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ትንሿን በር ከወዲያ በኩል ቆለፏት። የቁልፉን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው። ሂክማ የያዘችውን ድስት መሬት አስቀምጣ፣ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን አይ ኑሪያ ከላበው ግድግዳ ሥር ምንጣፉን ሲያነሡ ጡጫ የምታህል ቡናማ ፍጡር ቁጭ ብላ አገኙ። አልጮኹም። ጅብ በደጁ ሲያልፍ መንገድ የሚለቅለት ሰፈር ለዚህች አይጮኽም። ይልቁንም ደስ አላቸው። ጎድጓዳ ሣህን ደፉባትና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው፣ የምሳ ሰዓት ስለነበር ሐጂ ቤት መሆናቸውን ያውቃሉ፣ «ይኸው አላህ ምስክር ላከልኝ። እንቁራሪት ውሃ በሌለበት አትኖርም» አሉ።

ከማዶ የሐጂ ድምፅ «ምን ትመስላለች?» አለ።

«ምን ትመስላለች ነው የምትለኝ? ኪንታሮት በኪንታሮት ናት።»

«እንግዲያው እንቁራሪት አይደለችም፤ ጉርጥ ናት። ጉርጥ ደግሞ ደረቅ ቦታ ነው የምትኖረው። ወላሂ፣ ምስክርሽ ለእኔ መሰከረች» አሉ ሐጂ።

እስቲ ፍረዱ። እንቁራሪት ከሆነች ውሃ አለ፤ ውሃ ካለ ሮቶው ያፈሳል፤ ሮቶው ካፈሰሰ ሐጂ ጥፋተኛ ናቸው። ጉርጥ ከሆነች ግን ውሃ የለም፤ አይ ኑሪያ ጎረቤታቸውን በሐሰት ከስሰዋል። ሊቃውንት በእንስሳት ምድብ ላይ እድሜ ልካቸውን ይከራከራሉ ይባላል፤ እነሱ ግን ሠርግ አልደገሱም። የእኛ ሰፈር በሁለት ተከፈለ። ግማሹ እንቁራሪት አለ፣ ግማሹ ጉርጥ አለ፤ ያያት ግን ከአይ ኑሪያና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ሽምግልናውን ሼህ ዩሱፍ ያዙት። ሼህ ዩሱፍ በዕድሜም በዕውቀትም የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ደግሞም ከሁለቱም ወገን አይዛመዱም፣ ይህም ጀጎል ውስጥ በራሱ ብርቅ ነው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ጢማቸውን እያሻሹ «እኔ የማስታርቀው ሰው ነው። ጉርጥና እንቁራሪት የቲቸር ነው። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ እንገናኝ፤ እሱ ያለውን ሁላችሁም ትቀበላላችሁ» አሉ። ሁለቱም ተቀበሉ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

አሁን አንድ ነገር በሹክሹክታ ልንገራችሁ። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ አንድም ቀን ጉርጥ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ትምህርት ቤታችን ውስጥ በፎርማሊን የተነከረች አንዲት ነበረች፤ የማሰሮው ክዳን ዝጎ ስለተጣበቀ እሷና እኔ የምንተያየው በመስታወት ነው። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስላት ግን የሚወዳደረኝ አልነበረም፤ እግሯን ብቻ ለመሣል ግማሽ ክፍለ ጊዜ እፈጅ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፎቼን አገላበጥኩ። ባነበብኩ ቁጥር ፍጡሯን እየወደድኳት መጣሁ። መልክ ታጥቦ አይጠጣም ይባል የለ፤ ጉርጥ ደግሞ ለመጠጣትም አፏን አታስቸግርም፣ እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በሆዷ ቆዳ ውሃውን ትመጥጠዋለች። ቆዳዋ ሲያረጅ እንደ ሹራብ በራሷ ላይ አውልቃ ትበላዋለች፤ ምንም ነገር አይባክንም። ወንዱ ጉርጥማ ይባስ ብሎ፣ ከወንድነቱ ጎን ያልበሰለች ትንሽ የሴት ዕንቁላል ማፍሪያ ይዞ ነው ዕድሜውን የሚገፋው፤ ወንድነቱ ቢወሰድበት በዚያች ሴት መሆን የሚችል አለ። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። በሐረር ሰው ወዳጁን፣ ጢሙን ያንዠረገገ ወንድ ቢሆንም፣ «አንቺ፣ ነይ እስቲ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይሰማና ይደነግጣል። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ እንግዳ የምነግረው ሳይንስ አገኘሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ሼህ ዩሱፍ በአባወራው ቦታ፣ ሐጂ ከጎናቸው፣ አይ ኑሪያ ከፊት ለፊት፣ እኔ በለመድኳት ከፍ ባለችው መደብ ላይ፣ ትራሴ ከላበው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ። ሐጂ በዋናው በር ዞረው ነው የመጡት፤ አርባ ዓመት በትንሿ በር የገባ ሰው በዋናው በር ሲመጣ እንግዳ ይመስላል። ጫቱ ቀርቧል፤ በመካከላችን የተደፋ ሣህን አለ፤ ሣህኑ አንዳንዴ ይንቀሳቀሳል። ሂክማ በሩ አጠገብ ቆማለች።

ጉሮሮዬን ጠርጌ «ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ» ብዬ ጀመርኩ። ጉርጥ ሁሉ የእንቁራሪት ወገን እንደሆነች፣ እንቁራሪት ሁሉ ግን ጉርጥ እንዳልሆነች አብራራሁ። ትልቁ ጎሳ የእንቁራሪት ነው፤ እውነተኞቹ ጉርጦች በዚያ ጎሳ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ከዚያ ቤተሰብ ሳይወለዱም ቆዳቸው ስለሻከረ ብቻ ሰው ጉርጥ የሚላቸው ደግሞ አሉ…

«ቲቸር» አሉ ሼህ ዩሱፍ በትዕግሥት፣ «ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ የሚል ሰው ብንፈልግማ እኔ እበቃ ነበር። ይህች የየትኛው ናት?»

ሣህኑ ተነሣ። ቁጭ ብላ አየችን። እኔም ከመደቤ ሳልወርድ ምልክቶቹን መቁጠር ጀመርኩ፤ ቆዳዋ ደረቅና ሻካራ ነው፣ የኋላ እግሯ አጭር ነው፣ ከዓይኖቿ ኋላ ያበጡት ሁለቱ ዕጢዎች መርዝ የሚያወጡ ናቸው፣ ውሻ ቢነክሳት አፉ አረፋ ይደፍቃል። ኪንታሮት ታስይዛለች የሚባለው ግን የሰው ወሬ ነው።

«ይህ ሁሉ ከሩቅ ነው» አሉ ሐጂ። «እኔ ሰው በዓይኔ አልለካም፤ ሜትሬን አነሣለሁ።»

ምን እንዳስለፈለፈኝ አላውቅም። «ልክ ነዎት። ዋናው ማረጋገጫ ጥርስ ነው። እንቁራሪት ባብዛኛው በላይኛው መንጋጋዋ ጥቃቅን ጥርስ አላት፤ እውነተኛ ጉርጥ ግን አንድም ጥርስ የላትም። በጣት ሲዳስሱት ይታወቃል» አልኩ። ሁሉም ጣቴን አዩ።

ከመደቤ ወረድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አነሣኋት። እንደ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ናት፤ ውስጡ ግን ልብ የሚመታበት ቦርሳ። ወዲያው ተነፋች፤ እንቁራሪት ዝሆንን አክላለሁ ብላ ተሰነጠቀች የሚሉት ተረት እጄ ላይ ሊፈጸም መሰለኝና ፈራሁ። ቀጥላ እጅጌዬ ላይ ሸናች። አይ ኑሪያ «ያ ረቢ» ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ይታየኛል። ሂክማ «ቲቸር፣ ይበርቱ» አለችኝ። አፏን በቀስታ ከፍቼ ጣቴን በላይኛው መንጋጋዋ አሳለፍኩት። እንደ ሳሙና ልስልስ ነው።

«ጥርስ የላትም» አልኩ። «እውነተኛ ጉርጥ ናት።»

ሼህ ዩሱፍ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ነካ አድርገው «ሱብሐነላህ። እኛም ወደዚያው ቤተሰብ እየገባን ነዋ» አሉ። ሐጂ አልሳቁም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ነጠላ ጫማቸውን ፈለጉ፣ «እንግዲህ ተሰማ» አሉ። ሮቶው ነጻ ወጣ።

የአይ ኑሪያን ፊት ባታዩት ይሻላል። አልተቆጡኝም። በየቀኑ ከምሳቸው ከፍለው የሚሰጡኝን ሴትዮ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ጣቴ አስፈረድኩባቸው። «ሐቅ ከሆነ ሐቅ ነው» አሉ። «ሂክማ፣ ለአጎትሽ ደውዪ፤ ሠርጉን ድሬ ጠያራ እሱ ዘንድ እናድርገው።» ድሬ ጠያራ ገጠር ነው፤ ለሙሽሪት፣ በተወለደችበት ቤት ሳትሞሸር ቀረች ማለት ነው። ሂክማ ስልኳን አነሣች። እኔ እጄን በሳሙና እያሻሸሁ አፈርኩ። እንደዚያ ቀን ሐቅ የሚባለውን ነገር ጠልቼው አላውቅም።

ያኔ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያ ያልቅ ነበር። አስተማሪ ግን ደወል ካልሰማ ዝም አይልም። አይ ኑሪያን ላጽናና ብዬ «ደግሞኮ ጉርጥ ደረቅ ቦታ ትኖራለች ስንል ጨርሶ ውሃ አትፈልግም ማለት አይደለም። ማታ ማታ ቆዳዋን የምታርስበት እርጥብ መሬት ትሻለች። ዕንቁላሏንም የምትጥለው ውሃ ውስጥ ነው። የለመደችውን ውሃ አትረሳም፤ ወስዳችሁ ሌላ ቦታ ብትጥሏትም ተመልሳ ትመጣለች» አልኩ።

ሼህ ዩሱፍ ጫቱን ከአፋቸው መለሱ። «ቆይ» አሉ። «ታዲያ የዚህችኛዋ ውሃ የት ነው?»

መልስ የሰጠችው ሂክማ ናት። «ቲቸር፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለን ጉርጥ እንደ እንቁራሪት አትፈናጠርም፣ ትራመዳለች ብለውን ነበር። የምትራመድ ከሆነ መከተል እንችላለን» አለች። ጎበዝ ነበረች ብያችኋለሁ።

ጉርጧ ግቢው መካከል ተለቀቀች። ከኋላዋ ሼህ ዩሱፍ፣ ከሳቸው ኋላ ሐጂ፣ ከዚያ አይ ኑሪያ፣ ከዚያ ሂክማና እኔ። በሐረር ብዙ ዓይነት ሰልፍ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የሚያዘግምና እንደዚያ የከበደ ግን አላየሁም። ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ታርፋለች፤ እኛም እናርፋለን። ትንሿ በር ጋ ስትደርስ ቆመች። ሐጂ እስትንፋሳቸውን ያዙ። ምላሷ ብልጭ አለ፣ አንዲት ጉንዳን ጠፋች፣ ፊቷን አዙራ የግቢውን ግንብ ታክካ መንገዷን ቀጠለች። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ፤ ላባቸውን ጠረጉ።

ግንቡን ታክካ የምትወስደው መንገድ ወደ እኔ ክፍል ጀርባ ነው። «እዚያ እንኳ ምንም የለም» አልኩ። «አሮጌ የፈተና ወረቀትና አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ነው ያለው።» ጉርጧ ቆርቆሮው ጋ ደረሰች፤ ዞር ብላ አየችኝ ብላችሁ አታምኑኝም። ከዚያ ቤቷ እንደደረሰ ሰው ዝቅ ብላ ገባች።

ሐጂ ቆርቆሮውን አነሡት።

አንዲት ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ፤ ረስቼው እንጂ ደብቄያችሁ አይደለም። ክፍሌን እንደተከራየሁ፣ ውሃ ስትመጣ እንዳታመልጠኝ ብዬ ከክፍሌ ጀርባ አንዲት በርሜል እስከ አንገቷ መሬት ውስጥ ቀብሬ ነበር። ከቧንቧው ጎማ ስቤ ጫፉን በርሜሏ ውስጥ ከትቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ተውኩት። ሁሉም ሰው ከፍቶ ነው የሚተወው። የዚያ ሰሞን ውሃው ይመጣ የነበረው ከሰዓት በኋላ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ የት ነኝ? ከፍ ካለችው መደብ ላይ፣ ትራስ ተደግፌ፣ ስለ ውሃ ችግር እያወራሁ። በርሜሏ ሞልታ ትርፉ በግንቡ ሥር እየተንፏቀቀ፣ እኔ የተደገፍኩትን ግድግዳ ከሥሩ እኔው እያራስኩት ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ሴትዮ ብትኖር እዚያ ቆማ ትስቅብኝ ነበር።

በርሜሏ እስከ አፏ ሞልታለች። በጎማው ዙሪያ ሁለት ረጃጅም ክሮች ተጠምጥመዋል፤ በክሮቹ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ተሰክተዋል። ሼህ ዩሱፍ አጎንብሰው አዩና በእጃቸው የያዙትን መቁጠሪያ፣ ሙስበሃቸውን፣ አዩ። «ይሄስ ምንድነው ቲቸር?»

ሁሉም መልሴን ይጠብቃል። «ዕንቁላሏ ነው» አልኩ። «እንቁራሪት ዕንቁላሏን በክምር ትጥላለች። እንዲህ በክር የሚሰካው ጉርጥ ነው።» ምድቡ አንዲት ስሕተት አልነበረበትም። ችግሩ በርሜሉ የእኔ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ናቸው። ከዚያ አይ ኑሪያ። ሁለቱ አዛውንቶች ግንቡን ተደግፈው፣ አንዱ የአንዱን ክንድ ይዞ፣ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁብኝ። ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶችን ከስንት ሽማግሌ ይልቅ ቶሎ የሚያስታርቀው የሦስተኛ ጥፋተኛ መገኘት ነው። ሐጂ በዚያው ሳቃቸው አካፋ ላምጣ ብለው ዞሩ፤ ዋናው በር ራቃቸው መሰለኝ፣ ኪሳቸውን ዳብሰው ቁልፉን አወጡና በሂክማ እጅ አኖሩት፤ እሷም ከፈተችላቸው። በትንሿ በር ሲያልፉ አንገታቸውን ከወትሮው ይልቅ ዝቅ ያደረጉ መሰለኝ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ጎማው ይነሣል፤ ግድግዳው ሲደርቅ ቲቸር በእጁ ኖራ ይቀባል። በርሜሏን ልደፋት ስጎነበስ ግን አይ ኑሪያ እጄን ያዙኝ። «የእርጉዝ ቤት አይፈርስም። ልጆቿ እስኪወጡ ተዋት» አሉ። ስለዚህ በርሜሌን ለጉርጥ አከራይቼ፣ ውሃዬን ጠዋት ጠዋት በትንሿ በር ጎንበስ ብዬ ከሐጂ ሮቶ እቀዳ ጀመር። እሳቸው አንድ ጊዜም ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። «ቲቸር፣ አይፈስም አይደል?» ብለው ይጠይቁኛል እንጂ።

ከሰዓት በኋላ ሳሎን ስገባም ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ትራሴ ብቻ ከበሩ አጠገብ፣ ዝቅ ያለችው መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የተመደብኩበትን አውቄ ተቀመጥኩ።

ግድግዳው ለሠርጉ ደረሰ። ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት የአፎቻ ሴቶች ቤቱን ሊያዩ መጡ። እኔ የመጨረሻውን ኖራ እየቀባሁ ነው፤ ጢሜም ግንባሬም ነጠብጣብ ሆኗል። ትንሿ በር ወለል ብላለች፤ በሐጂ ግቢ ድስቶቹ ተደርድረዋል፤ ሂክማ ስፌቶቹን አንድ በአንድ ወደየቦታቸው እየመለሰች ታንጎራጉራለች። ከደረጃው ሥር ጥላው ላይ ጉርጧ ቁጭ ብላ፣ ስፌት የሚበሉትን ነፍሳት እየለቀመች ነው። አንዲት እንግዳ ሴት አየቻትና ቀሚሷን ሰብስባ «ይቺ ደግሞ እንቁራሪት ናት ጉርጥ?» አለች።

ቡሩሼን አቁሜ አፌን ልከፍት ስል አይ ኑሪያ ቀደሙኝ። «ጎረቤት ናት» አሉ።

ስፍን፣ ክፍለ ስፍን እያልኩ ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ይህን ምድብ አላስተማርኩም። ሴትዮዋ ግን ወዲያው ገባትና ቀሚሷን ለቀቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እዚህ ኖራ የነካካው ሰውዬስ?»

አይ ኑሪያ ትክ ብለው አዩኝ፤ ልክ እኔ ሐሙስ ዕለት ሣህኑ ሲነሣ ጉርጧን ባየሁበት አስተያየት። «እሱን ገና አልለየነውም» አሉ።

ጥርሴን ሳይዳስሱ መተዋቸው ቸርነታቸው ነው።